የአራተኛው ፎቅ አባልነት

ፕሬበን ድሮም ስብሰባ ላይ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር፤ የዚያን እሁድ ግን ባሰበት። ይነሳና መስኮቱን ይከፍታል፤ ብርድ ገባ ሲሉት ይዘጋዋል። የደረቀውን ሳህን መልሶ ያደርቃል። ወንበሩ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ይቀመጥና ወዲያው ደግሞ ብድግ ይላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቁንጫ ገብቶብሃል እንዴ?» አለችው ቦዲል። «ቁጭ በልና ልጅቷ ትናገር!»

ልጅቷ የተባለችው ሲሌ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ከቤቱ ሰዎች በዕድሜ ትንሿ። ቤቱ ኦርሁስ ከተማ ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ የጡብ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚኖሩበት ሰባት ሰዎች በሥጋ አይዛመዱም። መኝታቸው የየራሳቸው ሲሆን ኩሽናው፣ የወጪ ገንዘብ ሣጥኑና ረጅሙ ጠረጴዛ የጋራ ነው። ፕሬበንና ቦዲል በወጣትነታቸው «ለአንድ ዓመት ያህል» ብለው ገብተው፣ ጸጉራቸው እስኪሸብት እዚያው የቀሩ የቤቱ ነባሮች ናቸው። ባልና ሚስት አይደሉም፤ ሆነውም አያውቁም። ሰው ሁሉ ግን ናቸው ብሎ ያስባል፤ እነሱም ማረሙ ስለሰለቻቸው ትተውታል።

ሲሌ ያመጣችው ሐሳብ የአባልነት ጉዳይ ነበር። በአንድ አድራሻ የሚኖር ቤተሰብ በየወሩ አንድ ክፍያ ይከፍላል፤ ኩባንያው ደግሞ የታዘዘውን ዕቃ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እስከ በር ድረስ ያደርሳል። በዚያ ላይ ፊልሙም ተከታታይ ድራማውም አብሮ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው በየክፍሉ፣ በየስልኩ፣ የሚፈልገውን በፈለገው ሰዓት ያያል።

«አስልቼዋለሁ፤ ለሰባት ሲካፈል ኢምንት ነው» አለች ሲሌ። «ያዋጣል።»

«ያዋጣል ማለት ምን ማለት ነው?» ቦዲል መነጽሯን አወለቀች። ቦዲል መነጽሯን አወለቀች ማለት ነገር ልትጀምር ነው ማለት ነው። «እግር አለን፤ ባለሣጥን ብስክሌት አለን፤ ገበያው ከዚህ ብንጮህ ይሰማናል። ሌላ ሰው ድንቻችንን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እኛ ሶፋ ላይ ተንጋለን ድራማ ልናይ ነው? እንደ ንጉሥ?»

«ሶፋው ተሰብሯል እኮ» አለ አስገር። አስገር የሙዚቃ መምህር ነው፤ ነገር ሲከር በቀልድ ያረግባል፣ ወይም ያረገበ ይመስለዋል።

ሁሉም ሳቁ። ፕሬበን አልሳቀም። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ጨብጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቤት እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ቀን አለው። ቀንህ ሲሆን ወርደህ ትገዛለህ፣ ተሸክመህ ትወጣለህ፣ ታበስላለህ፤ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ድሮ ከላም አንገት የወረደውን ደወል ትደውላለህ። ሰባቱም መጥተው ይቀመጣሉ። ተራውን የማይወጣ ሰው እዚህ ቤት አይኖርም። ይህን ሕግ ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘው ደግሞ ራሱ ፕሬበን ነበር። አስገር ጣቱን የሰበረ ጊዜ እንኳ «ሌላው እጅህ ደህና አይደል?» ብሎት ነበር። ወጣቶቹ ይህችን ንግግር ድምፁን እያስመሰሉ በየአጋጣሚው ይጫወቱባታል።

የፕሬበን ቀን ረቡዕ ነው። ባለፈው ረቡዕ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው ሲወጣ ጉልበቱ እምቢ አለ። ድሮም ያመው ነበር፤ እምቢ ሲለው ግን የመጀመሪያው ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ላቡ በጀርባው ወረደ። አስገር ከላይ ሲመጣ ሲሰማ ቶሎ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና ማሰር ጀመረ። «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው፤ ይሄ ክር አስቸገረኝ እንጂ።» አስገር እያፏጨ ወረደ። ፕሬበን ያን ክር ስንት ጊዜ አስሮ እንደፈታው እሱና ደረጃው ናቸው የሚያውቁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቡ አልረጋ አለ። ሌሊት ጉልበቱ ይቀሰቅሰዋል፤ ጉልበቱ ሲተወው ሐሳቡ ይቀጥላል። ዕድሜውን ሙሉ የበላበትን ጠረጴዛ ትቶ፣ አንድ ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ለብቻው ሾርባ ሲያሞቅ ይታየዋል። ሞትን አይደለም የፈራው፤ ያችን ሾርባ ነው።

ስለዚህ ሲሌ «እስከ በር ድረስ» ስትል ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። የቀረው እንዴት ብሎ እንደሚደግፍ ነበር፤ እዚህ ቤት እጅ አይወጣም። ዙር ነው፤ ሁሉም በየተራው ይናገራል፣ አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ አይሆንም።

ዙሩ እሱ ጋ ሲደርስ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ... ፊልሙን እፈልገዋለሁ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ይህ ሰው የቤቱን ቴሌቪዥን «ወሬያችንን በላብን» ብሎ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ አውርዶ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ የተወ ሰው ነው።

«አንተ?» አለች ቦዲል። «ፊልም?»

«ምነው፣ እኔ ሰው አይደለሁም? አንድ የጀልባ ካፒቴን ሚስቱ የምትጠፋበት ተከታታይ አለ አሉ።» አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ማስታወቂያውን አይቶ ነው እንጂ ማንም አላለውም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ ድምፁ ራሱ የሌላ ሰው ሆነበት። ማሳመኛ ይሆነው ብሎም ጨመረበት፤ «ሰሞኑን ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ረጅም ነው ሌሊቱ።»

ይህችኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

ቦዲል ትክ ብላ አየችው። መነጽሯን መልሳ አደረገችና እንደገና አየችው። ፕሬበን እሷን ያውቃታል፤ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ አንድ ጊዜ ስለ አንድ መጋረጃ ቀለም ሙሉ ክረምት ተከራክራለች። ሊመጣበት ላለው ተዘጋጀ።

«እሺ» አለች። «ይሁን። ለሙከራ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ፕሬበን ደስ ሊለው ሲገባ ይልቅ ሰላም አጣ። ቦዲል በአንድ ቃል እሺ ብላ አታውቅም። ምን አይታ ነው? ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ቆሞ የታጠበውን እየተቀበለ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? እሷም አንድ ብርጭቆ ደጋግማ አሸችው።

መጀመሪያ ላይ ግን እውነትም ተመቸው። ረቡዕ ሲደርስ አንድ ጎረምሳ ድንቹንም ወተቱንም እያለከለከ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ያኖርለታል፤ ፕሬበን በሩን ከፍቶ ከልቡ ያመሰግነዋል፤ ከዚያ ያበስላል። ምግብ ማብሰል ይችላል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሰው የሚሸሸው የሐሙሱን የቦዲልን ምስር ነው። ቦዲል በነገር ሁሉ ብርቱ ሴት ናት፤ ምስር ላይ ግን ምን እንደሚነካት አይታወቅም፤ ከታች አርሮ ከላይ ጥሬ ይሆናል። ወጣቶቹ ሐሙስ ሐሙስ ከቤት ውጪ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ከዚያ ነገሩ ተቀየረ፤ መቼ እንደተቀየረ ግን ለይቶ መናገር አይችልም። መጀመሪያ ሲሌ ሳህኗን ይዛ ተነሳች፤ «ከድራማው አንዲት ክፍል ብቻ ቀርታኛለች፣ ይቅርታ!» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ሌላ ጊዜ ሁለት ሆኑ። አስገር ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ መብላት ጀመረ፤ ሲያናግሩት አውጥቶ «ምን አልክ?» ይላል፤ ሲደግሙለት ወሬው ቀዝቅዟል። ዕቃው ራሱ በር ላይ ስለሚመጣ ገበያ ወርዶ ወሬ ይዞ የሚመለስም ጠፋ። ዓሣ ሻጩ ሴትዮ ልጇን እንደዳረች የሰሙት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

ፕሬበን ማታ ማታ በኮሪደሩ ይመላለሳል። ከአንዱ በር ሳቅ ይሰማል፣ ከአንዱ ተኩስ፣ ከሌላው ደግሞ የማያውቀው ቋንቋ። ከቦዲል በር ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። አንዳንዴ ሊያንኳኳ እጁን ያነሳና መልሶ ያወርዳል። ምን ሊላት? ሄዶ ይተኛል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይመላለሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ቦዲል ዳቦዋን እየቀባች፣ ሳታየው፣ «ትናንት አየኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ካፒቴኑን ነዋ።»

«አ... አይ፣ ገና ነኝ። ትንሽ ሥራ ነበረኝ።»

«እሺ» አለች። ይኸው ደግሞ በአንድ ቃል። ዳቦዋን በላችና ተነሳች፤ እሱም ውሸቱ ስላልተነቃበት እፎይ አለ። ጅል!

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ረቡዕ ደረሰ። ዕለቱ የተለየ አልነበረም፤ ውጭ ዝናብ ነው። ፕሬበን ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ያቁነጠንጠዋል፤ በራሱም፣ በቤቱም፣ በጉልበቱም ተናዷል። የልጅነቱን ምግብ ሠራ፤ የተፈጨ ድንች በቅቤና በወተት፣ በላዩ ላይ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋና ሽንኩርት፣ ከጎኑ ቀይ ሥር። እዚያ አገር «የሚነድ ፍቅር» ይሉታል፤ ትኩስ ካልተበላ ግን ስሙ ብቻ ይቀራል። ሰባት ሳህን ደረደረ። ሻማ አበራ። ደወሉን ደወለ።

መጡ። መምጣቱንስ መጡ። ሲሌ «ኧረ ሽታው!» አለች፤ ሳህኗን ሞልታ፣ ጉንጩን ስማው ሄደች። አስገር አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየውና ሄደ። ሌሎቹም እንደዚያው። ቦዲል ትንሽ ቆመች። ወንበሯን ያዝ አደረገች።

«አንተም ወደ ክፍልህ ልትሄድ ነው?» አለችው።

«እኔ?... እንግዲህ» አለ። ልቀመጥ ወይ ብላ መጠየቋ እንደሆነ አልገባውም፤ እሷም ለመሄድ ቸኩላለች መሰለው። «ሂጂ፣ ሂጂ፤ ሳይበርድ።»

ሄደች። የሚመጣው ሁሉ መጥቶ፣ የሚሄደው ሁሉ ሄዶ፣ ፕሬበን ከሰባት ወንበርና ከአንድ ሻማ ጋር ቀረ። ድንቹን ጎረሰ። ጥሩ ነበር። ሁለተኛ ጎረሰ፤ አልወርድ አለው። ያን ጊዜ ምን እንደሚበላ ገባው፤ ያችን የፈራትን ሾርባ ነበር የሚበላው። ምድር ቤት መውረድ እንኳ አላስፈለገውም፤ ከፍሎ እዚሁ አራተኛ ፎቅ ድረስ አስመጥቷታል።

ብድግ አለና ደወሉን ያዘው።

ደወለ። ደግሞ ደወለ። መደወሉን አላቆመም፤ እጁ እስኪዝል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እስኪደበድቡ ደወለ። በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሲሌ በካልሲ ሮጣ መጣች፤ አስገር ጊታሩን አቅፎ ወጣ፤ «እሳት ነው? የት ነው?» እያለ ይጮኻል።

«እሳት አይደለም። ስብሰባ ነው።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ ረቡዕ እንደሆነ! የኔ ቀን ነው!» ደወሉን ለቀቀ። «ተቀመጡ። እባካችሁ።»

ተቀመጡ። ፕሬበን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተራመደ፣ ተመለሰ።

«አባልነቱ ይሰረዝ» አለ።

«ምን?» ሲሌ ዓይኗ ፈጠጠ። «አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው! ፊልሙን እፈልጋለሁ ብለህ! ቦዲልን ያሳመንካት አንተ ነህ!»

«ዋሽቼ ነው።»

«እንዴት ነው የዋሸኸው?»

ፕሬበን መራመዱን አቆመ። ይህን ንግግር በሕልሙ ሺህ ጊዜ ተናግሮታል፤ ሁልጊዜም ከመጨረሻው ቃል በፊት ይነቃል። አሁን የሚያነቃው የለም።

«ጉልበቴ አልቋል። ደረጃውን ባዶ እጄን ነው የምወጣው፣ እሱንም በግድ። ድንች መሸከም አልችልም። ተራዬን መወጣት አልችልም። ፊልሙን አንድም ቀን አላየሁት። ድንቹን የሚሸከምልኝ ሰው ፈልጌ ነው የዋሸሁት።» ትንፋሹን ሳበ። «ሕጉን ታውቁታላችሁ። ማን እንደሚለፈልፈውም ታውቃላችሁ። ይኸው፣ ተናገርኩ። ብቻዬን እዚህ ከምበላ ብቻዬን ሌላ ቦታ እበላለሁ፤ እናንተ ግን ይሄን ጠረጴዛ አትበትኑት።»

 አስገር አፉን ከፈተና፣ ለአንዴ እንኳ፣ ቀልዱን ዋጠው። ወንበር ስቦ ከፕሬበን ኋላ አቆመለት።

ቦዲል ግን ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«አንድም ቀን አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ካፒቴኑን? ሚስትዮዋን? ያንን ሁሉ?»

«ምንም አላየሁም አልኩሽ እኮ፣ ቦዲል።»

«አንተ ቀጣፊ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ሻማው ተወዛወዘ። «እኔ ያንን እርባና ቢስ ነገር በየሌሊቱ የማየው ለማን ብዬ ነው? ሌሊቱ ረጅም ነው ስትል አንጀቴን በላኸው! ይሄ ሰው ብቸኝነት ገደለው፣ ቢያንስ ጠዋት ስለ ፊልሙ የሚያዋራው ሰው ይኑር ብዬ! እሺ ያልኩት ለሌላ መሰለህ? እኔ ስለ ጀልባ ምን አገባኝ? ባሕር ያመኛል! ሁለተኛውን ምዕራፍ ጨርሼ ሦስተኛው ውስጥ ገብቻለሁ፤ በየጠዋቱ 'አየኸው?' እልሃለሁ፤ አንተ 'ገና ነኝ'! ገና ነኝ!»

ፕሬበን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ፣ ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠ።  እዚያ በር ሥር ያየው ሰማያዊ ብርሃን ለሱ የበራ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም።

«ይቅርታ» አለ።

«ይቅርታህን ያዘው!» አለች፤ ግን እሷም አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞ ጉልበት! ለጉልበት ብሎ ውሸት! ጉልበቱ እምቢ ያለው ሰው 'ጉልበቴ እምቢ አለ' ነው የሚለው። እኔ እግሬ ደህና ነው። ድንችህን እኔ እሸከመዋለሁ።»

«አይሆንም። ተራ ተራ ነው። አንቺ ሁለት ቀን ልትሸከሚ ነው?»

«አዎ። አንተ ደግሞ ሁለት ቀን ታበስላለህ።» ዙሪያውን አየች። «ረቡዕም ሐሙስም እኔ እሸከማለሁ፣ እሱ ያበስላል። ማነው የሚቃወም?»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ነገሩ ለሁሉም በአንዴ ገባቸው፤ ሐሙስ፣ ምስሩ!

«እስማማለሁ» አለ አስገር።

«እስማማለሁ» አለች ሲሌ፣ እሱ ሳይጨርስ።

«እስማማለሁ።» «እኔም።» «እኔም በጣም።»

በዚያ ቤት ታሪክ እንዲህ ባለ ፍጥነት የተቋጨ ስምምነት የለም። ቦዲል አንዱን ካንዱ እያየች ቆየች።

«እንዲህ ነው ለካ» አለች። «ስንት ዘመን? አንድ ሰው እንኳ አይናገርም?»

«ጉልበትህ እምቢ ሲል ተናገር ያልሽኝ አሁን አይደል?» አለ ፕሬበን። «ምስርሽ እምቢ ካለ ቆይቷል።»

ሳቁ ሲፈነዳ ጎረቤቶቹ ደግመው ጣሪያውን ደበደቡ። ቦዲል የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ወረወረችበት፤ ጨርቁ ትከሻው ላይ ቀረ፤ እሱም አላወረደውም። አንዱ የየክፍሉን ሳህን ሰብስቦ አመጣ። ድንቹ በርዶ፣ ቅቤው ነጭ ሆኖ ረግቷል። አስገር መልሶ ሊያሞቀው ተነሳ።

«እና አባልነቱስ?» አለች ሲሌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያዋጣናል ወይስ አያዋጣንም? ይሰረዝ?»

ሁሉም ወደ ፕሬበን ዞሩ። ፕሬበን ደግሞ ወደ ቦዲል ዞረ።

«ሚስትዮዋ ተገኘች?» አላት።

«የካፒቴኑ?»

«አዎ።»

ቦዲል መነጽሯን አወለቀች፤ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «መልሱን ብቻ ብነግርህ አይገባህም። ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ። ሦስት ክፍል ይቀረኛል፤ እሱን ነገ እዚሁ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ ይሰረዛል። አሁን ዝም በሉ። ጀልባዋ ከወደብ ስትነሳ ጭጋግ ነበር...»

«ጭጋግ አልነበረም» አለች ሲሌ፤ «ዝናብ ነው።»

«አንቺም አይተሽዋል?»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ አስገር ከምድጃው ዘንድ፤ «ካፒቴኑ ራሱ ነው የ...»

«ዝም በል! መጨረሻውን አትንገረን!» ብለው ሁሉም ጮኹበት።

ፕሬበን እግሩን አስገር ያመጣለት ሌላ ወንበር ላይ ዘረጋ፤ ማንም ምነው አላለውም። ድንቹ ሞቆ መጣ። ቦዲል ከወደቡ ጀመረችላቸው።